ማተቧን ቆርጣ አረብ አገር የገባችው እህታችን ካደች ወይ?

ይህ የውይይት ክር ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እየጻፈልኝ ነው። ምን ተባለ፣ ማን ምን አለ፣ መነሻው የት ጠፋ ይላል። መነሻ ጽሑፉ አሁን የለም። የጻፈችው እህት ለደኅንነቷ ስትል እንዲነሣ ጠይቃ ተነሥቷል። መልሶቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ያለ መነሻው ሲነበቡ ደግሞ ግራ ያጋባሉ። ስለዚህ የተባለውን በራሴ አነጋገር ከላይ እስከ ታች ልተርከው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ የማንንም ስም አልጠራም። የራሴንም ሐሳብ በየመሐሉ እጨምራለሁ፤ ጉዳዩ ዝም የሚያሰኝ አይደለምና።

መነሻ ጽሑፍ። የጻፈችው ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ በኋላ እናቷና ታናናሾቿ የእሷን እጅ ማየት ጀመሩ። ደላላው የሙስሊም ስም ያለበት ፓስፖርት ከያዘች ቪዛው ቶሎ እንደሚወጣ ነገራት። ስሟ ተቀየረ። ለፎቶ ሂጃብ አለበሷት። አንገቷ ላይ ያለው ጥቁር ክር ሲታይ ደላላው መቀስ አቀበላት። የቆረጠችው ራሷ ናት፤ ከሁሉ የሚያንገበግባትም ይኸው እንደሆነ ጽፋለች። ክሩን ግን አልጣለችውም። አሁን የምትተኛበት ትራስ ስፌት ውስጥ ነው። ትራሱ የሚታጠብ ቀን ስፌቱን ፈትታ ታወጣዋለች፣ ሲደርቅ መልሳ ትሰፋዋለች።

ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በስልኳ ወንጌል ታነባለች። አንድ ሌሊት ማቴዎስ ምዕራፍ 10 ላይ ደረሰች፤ በሰው ፊት የካደኝን በአባቴ ፊት እክደዋለሁ የሚለው ላይ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች። ሊቢያ ላይ የተሠዉት ወንድሞቻችን ትዝ አሏት። ወሬው የመጣው ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ነበር፣ የዳግም ትንሣኤ እሑድ። ያኔ ልጅ ብትሆንም የሰፈሩን ልቅሶ አትረሳውም። እነሱ ካራ አንገታቸው ላይ ሆኖ አልካዱም፤ እኔ ግን ማንም ካራ ሳያወጣብኝ ለቪዛ ብዬ ቆረጥኩት ነው ነገሯ። ጥያቄዋ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክጃለሁ ወይ? ሁለተኛ፣ ከካድኩስ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ይገባኛል ወይ?

1ኛ እና 2ኛ መልስ። የመጀመሪያዋ ከባሕር ዳር የጻፈች እህት ናት። አይዞሽ ብላ ጀመረች። ለእናት ብሎ መሰደድ ክህደት እንዳልሆነ፣ እግዚአብሔር ልብን እንደሚያይ ነገረቻት። ሁለተኛው በዚያው ላይ ተስማምቶ በጸሎት እንደሚያስባት ጻፈ። ሁለቱም ቅን ናቸው። ግን ልጅቷ የጠየቀችውን አልመለሱም፤ አባበሏት እንጂ።

3ኛ መልስ። ይኼኛው ቀጥ ያለ ሰው ነው፣ ጎንደር ያለ። ካድሽ አላት፣ ያለ ምንም ማለሳለሻ። ቃሉ ግልጽ ነው፣ እኛ ነን የምናድበሰብሰው ብሎ ማቴዎስን ጠቀሰ። የሊቢያዎቹን ጠቀሰ። አቡነ ጴጥሮስንም አነሣ፤ በ1929 ፋሺስት ጥይት ደቅኖባቸው ያልካዱ አባት እያሉን እኛ ለሪያል ስንል ማተብ እንቆርጣለን ወይ ብሎ ጻፈ። ያነበበው ሁሉ ደነገጠ። እኔም ተናድጃለሁ። ይሁንና ልጅቷ ጥያቄዋን በቁም ነገር የወሰደላት የመጀመሪያው ሰው እሱ መሆኑን መካድ አይቻልም።

4ኛ መልስ። ቤሩት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። እንደ እሳት ነደደች። ተርበህ ታውቃለህ ወይ፣ የእናትህ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ አድረህ ታውቃለህ ወይ ብላ 3ኛውን ያዘችው። ወንዶች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ስለ ሰማዕትነት ሲያወሩ የቤቱን ቀለብ የሚሸፍነው ከአረብ አገር የሚላከው ብር ነው አለች። ጥቂት የስድብ ቃላትም ነበሩበት፤ እነሱ ተነሥተዋል።

5ኛ መልስ። የታሪክ መምህር ነኝ ያለ ሰው መጣ። መጀመሪያ እርማት ሰጠ፤ አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ ነው። በ1929 ያለቁት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ናቸው፣ ግንቦት ላይ። አቡነ ሚካኤልም ጎሬ ላይ በጣሊያኖች ተገድለዋል። ከእርማቱ ቀጥሎ የጻፈው ግን ከቀኖቹ ይበልጣል። ከአቡነ ጴጥሮስ የተፈለገው ሃይማኖት መቀየር አልነበረም። አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲያዙ ነው የተጠየቁት። እሺ ቢሉ ኖሮ ነፍሳቸው ትተርፋለች፣ የሚከተላቸው ሕዝብ ግን ይጠፋል። እሳቸው እረኛ ነበሩ፤ እምቢታቸው ከመንጋው ፍቅር ተነጥሎ አይታይም። ስለዚህ አንዲት ብቻዋን የቀረች ልጅን በእሳቸው ሚዛን ከማስቀመጣችን በፊት ማንን ለማን ብላ እንደተወች እንጠይቅ አለ። ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት።

6ኛ መልስ። የወንጌላውያን አማኝ የሆነ ወንድም ገባ። ማተብ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ የተካደ ነገር የለም፣ እህታችን በነፃነት ትኑር አለ። ያጽናናት መስሎታል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ክሩ ሌላ ክር ሆነ።

ከ7ኛ እስከ 9ኛ። ሁሉንም አልተርክም፣ አይጠቅምም። 7ኛው የ6ኛውን እምነት ሰደበ። 8ኛው ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው በግንባሩና በክንዱ ላይ የእምነት ምልክት እንዲያደርግ ማዘዛቸውን አንሥቶ ረጅም የታሪክ ሐተታ ጻፈ፤ ትምህርት ያለው ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አልነበረም። 9ኛው ዲያቆን ነው፣ እሱ ነገሩን ወደ መስመሩ መለሰው። ማተብ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ፣ ወንዱ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የሚታሰር ምስክር መሆኑን አስረዳ። ክሩ ብቻውን አያድንም። ግን ለእሷ ክርስቲያን ነኝ ማለቻዋ ነበር፣ ስትቆርጠውም ምን እየቆረጠች እንደሆነ ታውቅ ነበር። ምንም አልሆነም ማለት ሐዘኗን መናቅ ነው አለ። ለ6ኛውም በትሕትና ነው የመለሰለት፤ በመጨረሻ 6ኛው ራሱ አመስግኖታል።

10ኛ መልስ። ክሩ የበሰለው እዚህ ላይ ነው። ጀርመን የሚኖርና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያጠና ሰው ጥያቄው አሮጌ መሆኑን አሳየን። እ.ኤ.አ. በ250 የሮሙ ንጉሥ ዳኬዎስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋ ሰው ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ ላይ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ መንደሩና ዕድሜው ይሰፍራል፤ በሹማምንቱ ፊት መሥዋዕት ማቅረቡና ከመሥዋዕቱም መቅመሱ ይመሰከርበታል። ግብፅ ውስጥ ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 በላይ ተገኝተዋል። በአንዱ ላይ የተመዘገበው የ72 ዓመት ሽማግሌ ነው፣ መለያውም በቀኝ ቅንድቡ ላይ ያለ ጠባሳ። ፎቶ በሌለበት ዘመን ሰውየው የሚታወቀው በዚያ ጠባሳ ነበር።

ያኔ ብዙ ክርስቲያን ደንግጦ ሠዋ። አንዳንዱ ሳይሠዋ ጉቦ ከፍሎ ወረቀቱን ብቻ ገዛ። አንዳንዱ ሸሸ፣ አንዳንዱ ሞተ። መከራው ጋብ ሲል የሠዋውም ወረቀት የገዛውም እያለቀሰ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመ። አይገቡም፣ በቃ ያሉ ነበሩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ዛሬውኑ ይቁረቡ ያሉም ነበሩ። በሰሜን አፍሪካ የካርቴጅ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስና ጳጳሳቱ በ251 ተሰብስበው ሁለቱንም አልተቀበሉም። ወረቀት ብቻ የገዛው እና በእጁ የሠዋው እኩል አይታዩም፣ የእያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻ ይመርመር፣ ንስሐ ይግቡ፣ ይመለሱ አሉ።

ጸሐፊው አንድ ነገር ጨመረ። ቆጵርያኖስ ራሱ በ250 ሸሽቶ ተደብቆ ነበር፤ ምእመናኑን በደብዳቤ ነበር የሚመራው። ፈሪ ያሉትም ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ስደት ሲመጣ ግን አልሸሸም። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 258 አንገቱን ተቀላ። ከመሞቱ በፊት ለሰያፊው 25 የወርቅ ሳንቲም እንዲሰጠው አዘዘ።

እኔ ይህ 25 ወርቅ ከልቤ አልወጣ ብሏል። ጀግንነት ስንል ሞትን መናቅ ብቻ ይመስለናል። ሰውየው ግን አንገቱን ሊቀላ ሰይፍ ለያዘው ሰው ያስብ ነበር። ያንን ከየት አመጣው? ከስምንት ዓመት በፊት የሸሸው ሰው እኮ ነው።

11ኛ መልስ። አንድ ሰው ፓስፖርቷ ያ ወረቀት ነው ማለት ነዋ ብሎ ጠየቀ። አጭር ነች፣ ግን ብዙ ሰው የወደዳት መልስ እሷ ናት።

12ኛ መልስ። የጎንደሩ ሰው ተመለሰ። ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ሐሳቡ ግን አልላላም። የ10ኛውን ታሪክ ተቀብሎ ወረቀት የገዙትም ንስሐ ገብተዋል፣ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት ብላዋለች፣ እናንተ ግን ኃጢአት የሚለውን ቃል ፈርታችሁ ታባብሏታላችሁ አለ። እውነቱን ነው። ይህን ሲል ብዙዎች ጮኹበት፤ ከታሪኩ ጋር ግን የሚጋጭ ነገር አልተናገረም። ንስሐ የሚባል መንገድ ያለው እኮ የሚናዘዙት ነገር ሲኖር ነው።

13ኛ መልስ። አስቴርን ያመጣችው ከሐዋሳ የጻፈች ነርስ ናት። ሀደሳ የምትባል አባትና እናት የሌላት ልጅ በሌላ ስም ቤተ መንግሥት ገባች። መርዶክዮስ ወገኗን እንዳትናገር አዟት ነበርና ዝም አለች። ያን ጊዜ ማንም ካደች አላላትም። ቀኑ ሲደርስ፣ ዝም ማለቷ የሕዝቧ መጥፊያ ሊሆን ሲል፣ ብጠፋም እጠፋለሁ ብላ ገባች። ነርሷ ያለችው፣ አስቴር በመደበቋም በመገለጧም ውስጥ የነበራት ፍቅር አንድ ነው። እህታችንም የምትገለጥበትን ቀን ከእግዚአብሔር ጋር ታውቀዋለች፤ እኛ ከዚህ ሆነን ቀን አንቆርጥላትም።

14ኛ መልስ። ዳንኤልስ ተባለ። የንጉሡ አዋጅ ከወጣ በኋላ መስኮቱን ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ የጸለየው ዳንኤል። መዝጋት ይችል ነበር እኮ። ነርሷ ወዲያው መለሰች፤ ዳንኤልም ሠለስቱ ደቂቅም ባቢሎን ሲገቡ ስማቸው ተቀይሮ ነበር፣ በባዕድ ስምም ተጠርተው አቤት ብለዋል። እምቢ ያሉት ስገዱ ሲባሉና ጸሎት ሲከለከሉ ነው አለች። እዚህ ላይ ክርክሩ ደስ የሚል ነበር፤ ሰው መጽሐፍ እየገለጠ ነበር የሚጽፈው።

15ኛ እና 16ኛ። ከመንገድ ወጣን። 15ኛው ስለ ደላሎች አነሣ፤ ስም ቀይሮ፣ ዕድሜ ጨምሮ፣ ገንዘብ በልቶ ስለሚሸኝ ደላላ። ጥፋቱ የማን ነው፣ መቀሱን ያቀበለው ሰው ለምን አይጠየቅም አለ። 16ኛው በ2006 ከሳዑዲ ከተመለሱት ከ160,000 በላይ ዜጎች አንዱ ነው። መንግሥት ያን ጊዜ ጉዞውን አግዶ፣ በኋላ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን አውጥቶ፣ ቆይቶ እገዳውን እንዳነሣ ካስታወሰ በኋላ ወደ ፖለቲካ ሊገባ ሲል አወያዩ አስቆመው። የ15ኛው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። ስለ ልጅቷ ነፍስ ሦስት ገጽ ጽፈን ስለ ደላላው አንድ መስመር አልጻፍንም ነበር።

17ኛ መልስ። ከደሴ የጻፈ ሙስሊም ወንድም ነው። ክሩን ጓደኛው ልኮለት እንዳነበበው ተናግሮ ይቅርታ ጠይቆ ገባ። በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ፣ አንዲት ክርስቲያን በሐሰት ስም መኖሯ ለእስልምናም ክብር እንዳልሆነ ጻፈ። የመጀመሪያዎቹ የነቢዩ ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ተሰደው አክሱም ሲደርሱ ንጉሡ ሃይማኖታችሁን ቀይሩ ሳይላቸው እንዳስጠጋቸው አስታወሰ። የራሱ እህትም እዚያው አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የእህታችንን ጭንቀት እንደ እህቱ ጭንቀት እንደሚያየው ሲጽፍ ቅድም ሲነታረክ የነበረው ሁሉ ዝም አለ።

18ኛ መልስ። ኩዌት የምትሠራ እህት ናት። እሷም በሌላ ስም ነው የገባችው። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ልቧ አልቻለም፤ ለማዳሟ ክርስቲያን መሆኗን ነገረቻት። ማዳሟ አልደነገጠችም። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ እንደማትነካ፣ ሁሌ ሆዴን አሞኛል እንደምትል ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አይታ ነበር። ጠርጥራ ዝም ብላለች። አሁን በጾም ወራት ምስር ራሷ ገዝታ ታመጣላታለች። ኩዌት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ዓርብ ዓርብ፣ የዕረፍት ቀን ስለሆነ፣ ትሄዳለች።

19ኛ መልስ። የቤሩቷ ሴት እዚህ ላይ ልጓም አበጀችልን። የአንዱ ቤት የሌላው ቤት እንዳልሆነ፣ ሳዑዲ ደግሞ ኩዌት እንዳልሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚባል በአደባባይ እንደሌለ ተናገረች። ተናግራ ደመወዟ ተይዞባት ወደ ኤጀንሲ የተመለሰች ልጅ ታውቃለች። በሰው ምስክርነት ተነሣስተሽ ነገ ጠዋት አትናገሪ፣ መጀመሪያ ስልክሽ ላይ የኤምባሲውን ቁጥር ያዢ፣ ገንዘብሽን ላኪ፣ የቤቱን ሰው እወቂ አለቻት። ከዚህ ሁሉ መልስ ውስጥ ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ሊሆን ይችላል።

20ኛ መልስ። ልጅቷ ራሷ ተመለሰች። ስለ ራሷ የጻፈችው ትንሽ ነው፤ የጻፈችው ስለ አሮጊቷ ነው። የማዳሟ እናት ናቸው፣ ግማሽ አካላቸው አይንቀሳቀስም። ሌሊት ሁለት ጊዜ ማገላበጥ አለባት፣ አለዚያ ጀርባቸው ይቆስላል። አሮጊቷ ሲያማቸው በዚያ ደላላው ባወጣላት ስም ይጠሯታል። እሷም አቤት ብላ ትነሣለች። መጀመሪያ ትከሻቸውን፣ ቀጥሎ ወገባቸውን ይዛ ወደ ግድግዳው ታዞራቸዋለች፣ በጉልበታቸው መሐል ትራስ ታስገባለች፣ ጀርባቸውን በቅባት ታሻለች። እያሸች በሆዷ አቡነ ዘበሰማያት ትላለች፤ ለሳቸው ብላ። ሕመማቸው እንዲቀልላቸው። አንዳንዴ የምታስገባው ትራስ ሲያንስ ያንኑ የራሷን ትራስ ታመጣለች፣ ክሩ ያለበትን። አዲስ ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ ማተቧን የቆረጠች ሰው ለሌላ ሰው ብትጸልይ ያ ጸሎት ይሰማል ወይስ በደል ነው?

ለረጅም ሰዓት ማንም አልመለሰላትም።

21ኛ መልስ። ይኼ የኔ ነው። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5ን አስታወስኳት። ስለ ሶርያው የጦር አለቃ ስለ ንዕማን ስናወራ ስለ ለምጹና ስለ ዮርዳኖስ እናወራለን። ነገሩን ሁሉ የጀመረችው ግን ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ከእስራኤል ተማርካ የተወሰደች፣ ስሟ እንኳ ያልተጻፈ፣ የንዕማንን ሚስት የምታገለግል። እንድትጠላቸው በቂ ምክንያት ነበራት፤ የንዕማን አገር ጭፍራ ነው ከቤቷ የወሰዳት። እሷ ግን ጌታዬ ሰማርያ ያለው ነቢይ ዘንድ ቢሄድ በዳነ ነበር ብላ አዘነችለት። አንገቷ ላይ ምን እንደነበረ መጽሐፉ አይነግረንም። በምን ስም ይጠሯት እንደነበረም አናውቅም። የምናውቀው ለጠላቷ ጤና መመኘቷንና የአምላኳን ነቢይ መጥራቷን ነው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ንዕማን ከዳነ በኋላ ኤልሳዕን የጠየቀውን ተመልከቱ። ጌታዬ ንጉሡ በክንዴ ተደግፎ ወደ ጣዖቱ ሬሞን ቤት ሲገባ እኔም አብሬው ማጎንበሴ አይቀርም፣ እግዚአብሔር ይህን ይቅር ይበለኝ ነው ያለው። ልክ ነው ብሎ አልተከራከረም፣ ይቅር ይበለኝ ነው ያለው። ኤልሳዕም በሰላም ሂድ አለው። እንግዲህ እኔ ይህን ይዤ እህቴን የምላት፣ በዚያ ቤት ስታጎነብሺ ይቅር በለኝ በይ፣ ለአሮጊቷም ጸልዪ። ሌሊት ተነሥቶ የሰው ጀርባ የሚያሽ ሰው ፍርሃት ብቻ አይደለም የሚያስነሣው። ዮሐንስም በመልእክቱ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን ያወጣል ይላል፤ ፍቅሩ አንቺ ጋ ተጀምሯል፣ ድፍረቱ ከዚያው ይመጣል። ቆጵርያኖስም አንድ ቀን ሸሽቷል።

22ኛ መልስ። አንድ ካህን ናቸው፣ አጭርና ግልጽ። የጌታን ጸሎት መጸለይ ለማንም ኃጢአተኛ አልተከለከለም፣ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው እኮ እዚያው ውስጥ ነው አሉ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዷል፣ ጌታም ትወደኛለህን ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆታል፤ ስለ ክህደቱ ሳይዘረዝር ስለ ፍቅሩ ጠየቀው፣ በጎቼንም ጠብቅ ብሎ ሥራ ሰጠው። መጽሐፈ ቄደር፣ ማለትም የካደ ሰው ሲመለስ የሚጸለይለት ጸሎት፣ ያስፈልጋታል ወይ ብሎ አንድ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቋቸው ነበር፤ ያንን የሚወስነው ታሪኳን ከአፏ የሚሰማ የንስሐ አባቷ እንጂ ክር ላይ የሚጽፍ ሰው እንዳልሆነ ተናገሩ። ለራሷ ቀኖና እንዳትቆርጥ፣ ከባድ ሥራ ላይ እያለች ያለ መጠን ጾማ እንዳትወድቅም መከሯት። ለ3ኛው ጸሐፊም አንድ ነገር አሉት፤ እውነቱን ይዘሃል፣ ግን የወደቀን ሰው ለማንሣት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

23ኛ መልስ። የጎንደሩ ሰው ለካህኑ መለሰላቸው። አባታችን ብሎ ጀመረ። አብሮ አደጉ በሱዳን በኩል ሊቢያ ገብቶ ከ2007 ጀምሮ ድምፁ አልተሰማም። ከተሠዉት መሐል ይሁን በበረሃ ይቅር፣ ወይም ታስሮ ይሁን፣ ማንም አያውቅም። እናቱ ዛሬም ዓውደ ዓመት በመጣ ቁጥር ስሙን እየጠሩ ያለቅሳሉ። ስለዚህ ማተብ ተቆረጠ ሲባል ደሙ እንደሚፈላ ነገረን። ያለውን አላነሣም፤ ማተብ ለቪዛ መቆረጥ የለበትም፣ ይህን ነገም እላለሁ አለ። ልጅቷን ግን ይቅርታ ጠየቃት፣ የክርስትና ስሟንም በውስጥ መስመር እንድትልክለት ለመናት፤ ከአብሮ አደጉ ስም ጋር አብሮ ሊያስበው። ልካለታለች። እዚያው ነው መነሻ ጽሑፏን አንሡልኝ ያለችውም፣ ማዳሟ ስልኳን ማየት ጀምራ ስለነበር።

24ኛ መልስ። ክሩ ያቆመው እዚህ ነው። ከኮምቦልቻ የጻፈች እናት ልጇ በሚቀጥለው ወር ልትሄድ መሆኑን፣ ደላላው ስም እንቀይር እያለ መሆኑን፣ ፓስፖርቱ ግን ገና እንዳልወጣ ትናገራለች። ልጅቷ በገዛ ስሟ የምትሄድበት ሕጋዊ መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ ትላለች። የቤሩቷ ሴት ፈቃድ ካለው ኤጀንሲ ውጭ እንዳትንቀሳቀስ፣ ፓስፖርቱንም ራሳቸው ሄደው በትክክለኛ ስሟ እንዲያወጡ ጽፋላታለች። በራሷ ስም የሄደች፣ ወይም ልጇን በራሷ ስም የሸኘች ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ እዚያ ሥር ጻፉላት።